«ሙሉ በሙሉ ታድሷል» ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ ቶርኖ ለመግዛት ላሰባችሁ

ይህን የምጽፈው ቤቱ ውስጥ ብረት ለመሥራት ያገለገለ አነስተኛ ቶርኖ (ብረትን እያዞረ በመቁረጫ የሚቀርጽ ማሽን) እየፈለገ ያለ ሰው እኔ የከፈልሁትን ኪሳራ እንዳይከፍል ነው። የገዛሁት ማሽን በማስታወቂያው ላይ «ሙሉ በሙሉ ታድሷል፤ ኩሽኔታው አዲስ ነው» የተባለለት ሲሆን፣ ሻጩም ዓይኔ እያየ አንድ የናስ ዘንግ አስሮ መስተዋት የመሰለ ገጽ አውጥቶ አሳየኝ። ቤት ወስጄ የመጀመሪያውን የብረት ዘንግ መቁረጥ ስጀምር ግን ማሽኑ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያሰማ ጀመር፤ ዘንጉን ፈትቼ በጥፍሬ ስዳብሰው እንደ ሞረድ ይቆረቁራል፣ ወደ ብርሃን ሳዞረውም ሰያፍ የሆኑ ተከታታይ ሞገዶች ይታዩበታል።

ሻጩ በደወልሁለት ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የሌላ ዕቃ ነው፣ ዕቃው ደግሞ እሱ ዘንድ ይገኛል። መጀመሪያ የካርባይድ መቁረጫዎችን፣ ቀጥሎ ከማሽኑ እግር ሥር የሚገቡ የንዝረት መምጠጫ ጎማዎችን፣ በመጨረሻም ወፍራም የመቁረጫ መያዣ ሸጠልኝ። እያንዳንዱ ዕቃ በተገጠመ ጊዜ ጩኸቱ በእርግጥ ይለወጥ ነበር፤ እኔም ሦስት ጊዜ የተታለልሁት በዚሁ ለውጥ ምክንያት ነው።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። መቁረጫው በአንድ ዙር ጥቂት ሲንቀጠቀጥ በብረቱ ላይ ሞገድ ይተዋል፤ በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ሞገድ ሲቆርጥ የሚያነሳው ውፍረት ከፍና ዝቅ ስለሚል መልሶ ይንቀጠቀጣል፤ በዚህ ሁኔታ ንዝረቱ ራሱን በራሱ እየመገበ ይቀጥላል። ከመቁረጫው ጫፍ ተነስቶ በመያዣው፣ በአልጋው (ሌሎቹ ክፍሎች በተቀመጡበት ረጅም የብረት መሠረት)፣ በስፒንድሉ (በኩሽኔታ ላይ በሚዞረው ዋና ዘንግ) እና በማንድሪኖው (የሚቆረጠውን ብረት ጨብጦ በሚያዞረው ክፍል) በኩል እስከሚቆረጠው ብረት ድረስ ካሉት አካላት የትኛውም ቢቀየር የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይቀየራል። ድምፁ ተቀየረ ማለት ግን የላላው አካል ተገኘ ማለት አይደለም።

ሻጭን ያለ ጥፋቱ መክሰስም ተገቢ ስላልሆነ፣ በመጀመሪያ የራሳችሁን አሠራር መርምሩ። መቁረጫው ከመያዣው የወጣበት ርዝመት እጥፍ ሲሆን በተመሳሳይ ኃይል የሚታጠፍበት መጠን ስምንት እጥፍ ይሆናልና በተቻለ መጠን አሳጥሩት። የሚቆረጠው ዘንግ በሌላኛው ጫፉ ሳይደገፍ ከማንድሪኖው የሚወጣው ርዝመት ከውፍረቱ ሦስት እጥፍ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ውስጥ ለመቦርቦር የሚያገለግል የብረት ዘንግ ደግሞ ከውፍረቱ አራት እጥፍ በላይ ሲወጣ መጮኹ የሚጠበቅ ነው። የመቁረጫው ጫፍ ከዘንጉ መሐል ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆኑንም አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ የዙሩን ፍጥነት ቀንሱ፤ መቁረጫው በየዙሩ ወደፊት የሚጓዝበትን መጠን ግን በጥቂቱ ጨምሩ፤ ጀማሪዎች በፍርሃት ሁለቱንም ስለሚቀንሱ መቁረጫው መቁረጡን ትቶ መፋቅ ይጀምራልና። ማሽኑ ምንም ሳይቆርጥ ባዶውን ሲዞርም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ቺንጋውን፣ ሞተሩንና የማንድሪኖውን ሚዛን መመልከት ያስፈልጋል።

እኔ ይህን ሁሉ ፈጽሜ ጩኸቱ አልጠፋ ሲል የዳያል ጌጁን (ጥቃቅን እንቅስቃሴን የሚለካውን ባለ ጠቋሚ መሣሪያ) መቆሚያ በአልጋው ላይ፣ የሚነካውን ጫፉን በስፒንድሉ አፍንጫ ላይ አድርጌ፣ በማንድሪኖው የታሰረውን ወፍራም ዘንግ በእጄ ወደ ላይ ገፋሁ። ጠቋሚው በቀላል ግፊት 0.06 ሚሊ ሜትር ድረስ ዘሎ በድንገት ቆመ። ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው፦ ማንኛውም ብረት ሲገፋ በመጠኑ ይለጠጣልና ጠቋሚው ከግፊቱ ጋር እየጨመረ ሄዶ ስትለቁት ወደ ቦታው ከተመለሰ ጤናማ ነው፤ ያለ ተቃውሞ ዘሎ የሚቆም ከሆነ ግን ኩሽኔታው ውስጥ ልልነት አለ።

ስፈታው ያገኘሁት ኩሽኔታ እንደተባለው አዲስ ነበር። ይሁን እንጂ የማሽኑ መመሪያ የሚያዝዘው ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ ሆኖ ሳለ የተገጠመው ተራ የኳስ ኩሽኔታ ነው። ሾጣጣው ከኋላ ያለውን ዳዶ በመጠኑ በማጥበቅ ልልነቱ እንዲጠፋ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የኳሱ ያንን ያህል ጫና ተሸክሞ ስፒንድሉን አጥብቆ አይዝም። ዳዶው ደግሞ በእጅ የሚፈታ ሲሆን፣ ዙሪያው ሁሉ ድምፅ ለማፈን በሚመስል ሁኔታ በወፍራም ግራሶ ታጭቋል። ናስ በአነስተኛ ኃይል የሚቆረጥና ፍቅፋቂው አጭር ሆኖ የሚሰባበር በመሆኑ ይህን ሁሉ ድክመት ሸፍኖታል።

ስለዚህ ለግዢ ስትሄዱ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የራሳችሁን የለስላሳ ብረት ዘንግና በደንብ የተሳለ መቁረጫ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ባቀረበው ናስ ወይም አሉሚኒየም አትርኩ። 0.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ሲቆርጥ የሚጮኽ ማሽን ቤታችሁ ገብቶ ጸጥ አይልም። ዘንግን በመቁረጫ ለሁለት ቆርጦ መለየትን መፈተኛ ማድረግ ግን ለትናንሽ ማሽኖች አግባብ አይመስለኝም፤ ደህናውም ሊጮኽ ይችላልና።

መቁረጫውን ተሸክሞ በአልጋው ላይ የሚንሸራተተውን ክፍል ደግሞ ከማንድሪኖው ሥር እስከ ሌላኛው ጫፍ ድረስ በእጃችሁ አስኪዱት። አልጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ሥራ በሚበዛበት በማንድሪኖው በኩል ስለሆነ፣ እዚያ ጠብቆ እንዲሄድ የተስተካከለ ማሽን ጫፉ ላይ ሲደርስ ይያዛል። የማስተካከያ ብሎኖቹንም ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የእኔው ማሽን ብሎኖች የጠመንጃ መፍቻ የሚገባበት ስንጥቃቸው ድረስ በአዲስ ቀለም ተሞልተው ነበር፤ ይህም ከተቀባ በኋላ ማንም እንዳልነካቸው ያሳያል፤ እኔ ግን የቀለሙን ማማር ነበር የማደንቀው።

በውሉ ላይም «ታድሷል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። የተቀየረው ክፍል ስም፣ ዓይነቱና በላዩ የተቀረጸው ቁጥር ይጻፍ፤ በብረት ሲሞከር ካልሠራ የሚመለስበት ቀንም ይጠቀስ።

ማሽኑ መመሪያው የሚያዝዘው ሾጣጣ ኩሽኔታ ከገባለት ወዲህ በቀድሞው ተራ መቁረጫዬ ያለ ጩኸት ይሠራል፤ ጎማዎቹና ወፍራሙ መያዣ ካርቶናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሻጩ ገንዘቤን ለመመለስ አልፈቀደም፤ በዚህ ሳምንት ሌላ አዲስ ቀለም የተቀባ ቶርኖ ለሽያጭ አውጥቷል፣ ከማስታወቂያው ጋር ባያያዘው ቪዲዮም ላይ የሚቆረጠው ናስ ነው።