የእሁድ ገበያ ለወር እራት፦ የሚያዋጣውና የማያዋጣው

አዲስ አበባ ውስጥ በየክፍለ ከተማው እሁድ እሁድ የሚዘረጋው ገበያ የተከፈተው አምራቹና ሸማቹ ያለ ደላላ እንዲገናኙ ነው። የአምስት ሰው ቤት የወር እራቱን ከዚያ መሸመት ይችላል? ግማሹን አዎ። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ክክና ዘይት ያዋጣሉ። ቅጠላ ቅጠልና የተፈጨ ነገር ግን ከሌላ ቦታ ቢገዛ ይሻላል።

ዘንቢል ከማንሳት በፊት እራቱን መቁጠር ይቀድማል። ከ30ው እራት 6ቱ ምስር፣ 6ቱ አተር ክክ፣ 8ቱ ሽሮ ይሁኑ እንበል። ለአምስት ሰው አንድ ድስት ወጥ ሩብ ኪሎ ክክ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ምስር 1 ኪሎ ተኩል፣ አተር ክክም 1 ኪሎ ተኩል ነው። ሽሮ በድስት 150 ግራም ገደማ ቢገባ ወሩን 1.2 ኪሎ ያደርሰዋል። የቀሩት 10 እራቶች ለድንች በካሮት፣ ለፎሶሊያ፣ ለዱባ፣ ለእንቁላል፣ እጅ ሲፈቅድም ለሥጋ ናቸው። ምሳም ከቤት የሚበላ ከሆነ ሂሳቡ በዚያው ልክ ያድጋል።

ገበያው የሚመሰገነው በሽንኩርቱ ነው። በአንድ ድስት 300 ግራም ቢከተፍ ወሩ 9 ኪሎ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የኪሎው ዋጋ ትንሽ ቢቀንስ እንኳ ልዩነቱ ይታወቃል። ሲገዛ አንገቱን ጫን አድርጎ ማየት ነው። ደርቆ የተዘጋ ከሆነ ወር ይቆያል። ከለሰለሰ ወይም አረንጓዴ ቡቃያ ካወጣ ግን ከሁለተኛው ሳምንት አያልፍም። በክረምት የሚመጣው እርጥበት ስለሚበዛበት ለሁለት ሳምንት የሚሆነውን ብቻ መያዝ ነው። ከላዩ የሚያምር ማዳበሪያ ሥሩ የበሰበሰ ሊሆን ስለሚችል አስዘርግፎ ማየት ያስፈልጋል። «መልቀም አይቻልም» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ቀጣዩ ድንኳን ሩቅ አይደለም። ቤት ሲገባ ከፌስታል አውጥቶ ነፋስ በሚያገኘው ቅርጫት ማስቀመጥ፣ ከድንችም መለየት ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ሁለቱም ቶሎ ይበላሻሉ። ድንች ብርሃን አይወድም፤ አረንጓዴ የሆነው ክፍል መርዛማ ስለሆነ በወፍራሙ ተቆርጦ ይጣላል።

ክክ ላይ ዋናው ችግር ያረጀ መሆኑ ነው። አተር ክክ ቀለሙ ከደበዘዘ ቢቀቀልም አይፈርስም፣ ከሰሉንም ይጨርሳል። ለጥቂት ሰዓት መዘፍዘፍ ማገዶ ይቆጥባል፤ በጣም ያረጀውን ግን እሱም አያድነውም። ነቀዝ ካለ ከእፍኝ ውስጥ ዱቄት መሰል ብናኝ ይታያል።

በርበሬና ሽሮ ተፈጭቶ የቀረበ ከሆነ ማለፍ ነው፤ የተቀላቀለበት ነገር በዓይን አይለይም። ዛላውን ገዝቶ፣ ቀንጥሶ፣ አሰናድቶ ማስፈጨት ድካም አለው፣ የሚበላው ግን ይታወቃል። ደግሞ ሽሮውም በርበሬውም ሲሰናዱ ጨው ስለሚገባባቸው ወጡ ሳይቀመስ ጨው መጨመር አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አምስቱም አዋቂ ቢሆኑ እንኳ ከበርበሬው ጋር ተደምሮ በወር ከ750 ግራም አይበልጥም ማለት ነው። ዘይቱንም በዚሁ መንገድ ማስላት ይቻላል፦ 5 ሊትር ጀሪካን በወር ካለቀ ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሳል፣ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበልጣል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውኃ አብስሎ ዘይቱን ኋላ መጨመር ወጡን ሳይጎዳ 3 ሊትር ላይ ያወርደዋል።

ጎመንና ቆስጣ ለወር ቀርቶ ለሳምንትም አይከርሙም፤ የሰፈር ጉሊት በሁለት በሦስት ቀኑ ትኩሱን ትሰጣለች። ቲማቲም እኩሉን የበሰለ፣ እኩሉን ጠንከር ያለ መግዛት ነው። ሎሚ አይረሳ፤ ምስሩ ላይ ጠብ ቢል ሰውነት ከምስሩ የሚያገኘውን ብረት ይጨምራል። ቡናና ሻይ ግን ያንኑ ብረት ስለሚቀንሱ ከእራቱ አንድ ሰዓት ቢዘገዩ ጥሩ ነው።

ቅሬታው ብዙ ነው። «አምራች ነኝ» የሚለው ሁሉ አምራች አይደለም፤ አንዳንዱ ከአትክልት ተራ አምጥቶ የሚያቀርብ ነጋዴ ነው። የዕለቱ ዋጋ የተለጠፈበት ሰሌዳ ካለ ከሱ ጋር ማስተያየት፣ ሚዛኑም ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ማየት ነው። ከደመወዝ በኋላ ያለው የመጀመሪያ እሁድ ግፊያ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ያልደረሰ ደህናውን አያገኝም። የፋሲካ ሰሞን የእንቁላልና የቅቤ ዋጋ ስለሚሰቀል ለዚያ ወር እራት ሁለቱን ባይቆጥሩ ይሻላል።

ትራንስፖርቱንም አብሮ ማስላት ነው። ሃያ ኪሎ ጭኖ በኮንትራት ባጃጅ መመለስ የተረፈውን ብር ሊበላው ይችላል። ጎረቤት ተባብሮ አንድ ኩንታል ድንችና አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ገዝቶ ቢካፈል ያዋጣል፤ ብቻውን 3 ኪሎ ለሚገዛ ግን ጉሊቷ ትበቃዋለች።