የእናቴን የምጣድ መስመር ለሠራልን ኤሌክትሪሽያን

እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። አሁንም አልተወችውም። ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች።

ክረምት ላይ ምጣዱ ተሰክቶ ትንሽ እንደቆየ ብሬከሩ እየወረደ መብራቱን መቁረጥ ጀመረ። አንዱ ባለሙያ መጣና ሶኬት ቀይሮ ሄደ። ምንም ለውጥ የለም። ስደውል አያነሳም። ሌላው የብሬከሩን ሳጥን ከፍቶ "ብሬከሩ አንሶ ነው" አለና በባለ 10 አምፒሩ ፈንታ ባለ 32 አስገባበት። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። እውነትም መውረዱ ቆመ! እናቴ መርቃ ነው የሸኘችው።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ብድግ ብዬ ስሄድ ግድግዳው በእጅ አይነካም። እናቴ ምጣዱንም ስቶቩንም ሰክታ ሥራ ላይ ናት። እኔ ባልነቃስ? እስካሁን ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። ያ ሰው ምን እንዳደረገ ያውቅ ነበር ወይ እያልኩ ስንት ቀን ተብሰልስያለሁ።

ጎረቤታችን ናቸው ይሄን ልጅ የጠቆሙን። ግድግዳውን ከፍቶ ሽቦውን ሲያወጣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተላጥቷል። ለመብራት የሚዘረጋ ቀጭን ሽቦ፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር። ከዚያ ባለ 1.5፣ ባለ 2.5 እና ባለ 4 ቁራጭ ሽቦ ሰፌድ ላይ ደርድሮ እናቴን "ማዘር፣ ይንኳቸው" አላት።

"አንድ ኩንታል ጤፍ ለአሥር ዓመት ልጅ ያሸክማሉ?"

"ኧረ ምን ሲደረግ!"

"ይሄ ቀጭኑ ልጁ ነው። ብሬከሩ ደግሞ 'ከበደኝ' ብሎ የሚጮህለት አፉ ነበር። አፉን ዘጉበት።"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች። ስንት ሰው መጥቶ ሲሄድ አንድም ሰው ለእሷ አስረድቶ አያውቅም።

ምጣዱ ላይ 3800 ዋት ይላል። በ220 ቮልት ሲካፈል 17 አምፒር ግድም ነው አለኝ። ሌላም ብዙ ነገረኝ፣ ሁሉም አልገባኝም። የገባኝ ለምጣዱ ብቻ ከሳጥኑ ባለ 4 ሽቦ መዘርጋቱ፣ ብሬከሩንም ወደ ባለ 25 ማውረዱ ነው። ስቶቩን በሌላ መስመር አደረገው።

ጨርሶም አልሄደም። "ማዘር፣ አሁን ይጋግሩልኝ፣ እዚሁ ሆኜ ልየው" አለ። ሃያ እንጀራ እስኪወጣ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። በየመሀሉ እየተነሳ ሶኬቱንና ሳጥኑን በእጁ ይዳስሳል። አልጋለም። ለዚህ ጊዜው ምንም አልጠየቀንም። እናቴ አምስት እንጀራ በፌስታል ጠቅልላ "እንቢ ካልክ እቀየምሃለሁ" ብላ አስያዘችው።

አያት፣ ሲኤምሲ፣ ገርጂ አካባቢ ያላችሁ፣ እባካችሁ እሱን ጥሩ። ምጣድ ያለበት ቤት ሁሉ ይጥራው። ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሱም ፈቅዷል። ደውሉለት፣ ያነሳል።