«በ45 ቀን እንደ ፈረንጅ» ብለው 9,500 ብሬን በሉት

ገና ከመገናኛ መግባቴ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ልጽፈው ነበር፣ ግን ስድብ ብቻ ስለሚሆን ተውኩት።

እነዚህን የእንግሊዝኛ ኮርስ ሰዎች መቼም ታውቋቸዋላችሁ። አራተኛ ፎቅ፣ የማይሠራ ሊፍት፣ ግድግዳው ላይ የለንደን ፎቶ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ቢዝነስ ኢንግሊሽ ከነአክሰንቱ፣ 5 ቦታ ብቻ ቀርቷል» ይላሉ። ያ አምስት ቦታ ከመስከረም ጀምሮ አላለቀም። ይህንንም አይቻለሁ። እያየሁ ነው የገባሁት፣ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ሰነድ ላይ ነው የምሠራው። ጽሑፍ ላይ ማንም አይችለኝም፣ ጉዱ ስልክ ላይ ነው። ባለፈው ወር ለአንድ የዱባይ ገዢ «ፊፍቲን» ጆንያ ይርጋጨፌ አልኩት። እሱ «ፊፍቲ» ብሎ ያዘ። 15 ያልኩት 50 ሆነ! አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ነው፣ ልዩነቱን እናንተ አስሉት። ኢሜይሉ ሲመጣ አለቃዬ ምንም አላለኝም። ዝም ብሎ አየኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ነጻ ማሳያ አለ ሲሉ ሄድኩ። ሐቁን ልናገርና፣ የዚያን ቀን ያስተማረችን ሴት እውነተኛ አስተማሪ ናት። «ምላሳችሁን እንዲህ አድርጉ» ብላ አልጀመረችም። ሰሌዳው ላይ «ገና» ብላ ጻፈች። ላልቶ ሲነበብ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። «እኛ ቃልን ከቃል የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው» አለች። «እንግሊዝኛ ግን ከቃሉ አንዱን ክፍል ከፍና ረዘም ያደርጋል፣ የቀረውን ይውጠዋል። እናንተ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ተደግሞ ባያችሁ ቁጥር ታጠብቃላችሁ።» «ኦፈር» እና «ኮሚሽን» በሉ አለችን። ሁላችንም አጠበቅን፣ ሳቅን። ቀጥላ «ሪፈንድ»ን እና «ኤክስፖርት»ን አመጣች። ስም ሲሆኑ ፊተኛው ክፍል ይመታል፣ ግስ ሲሆኑ ኋለኛው።

የኔን ጉድ ጠየቅኳት። ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች አሳየችኝ። «ፊፍቲ ላይ መጀመሪያውን ምቺና ‹ቲ›ዋን ቶሎ ልቀቂያት። ፊፍቲን ላይ ‹ቲ›ን ጎትቺው፣ መጨረሻ ያለችውን ‹ን› ደግሞ እንዳትውጫት።» ስንት ዓመት ተምሬ ማንም ያልነገረኝን በአምስት ደቂቃ! እዚያው በቴሌብር ከፈልኩ። በሦስት ዙር መክፈል ይቻላል እያሉኝ፣ 500 ብር ይቀነስልኛል ብዬ ሙሉውን ላኩት። በ43 ዓመቴ!

የመጀመሪያው ቀን 38 ሰው ሆነን ጠበቅናት። አንድ ልጅ ላፕቶፕና ስፒከር ይዞ ገባ። ዩቲዩብ ከፈተና «ተከተሉ» አለን። ከዚያ ሁላችንም ምላሳችንን በጥርሳችን መሃል አውጥተን ስንተነፍስ ዋልን። «ሪሲት» ያልኩትን ደግሞ «ሪሲፕት ነው የሚባለው» ብሎ በሰው ፊት አረመኝ። «ፒ»ዋ እንደማትነበብ እኔ የሰነድ ሠራተኛዋ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም። ሁለተኛው ቀንም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም። «አስተማሪዋስ?» ስንል «ትመጣለች» ይላል።

ዛሬ ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ሄድኩ። የከፈልኩ ቀን «እርስዎ» ብላ ወንበር ያቀረበችልኝ ልጅ ናት።

«የኔ እህት፣ ያቺ አስተማሪ መቼ ነው የምትመጣው?»

ከስልኳ ቀና አላለችም። «የቷ?»

«ማሳያው ቀን ያስተማረችን።»

«እሷማ ለማሳያ ብቻ ነው የምትመጣው።»

እንዲህ ነው ያለችው፣ ልክ «ዛሬ ማክሰኞ ነው» እንደማለት። ማፈር የለ፣ መደበቅ የለ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። እንደገና አስደገምኳት፣ ደገመችው። ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው።

«እንግዲያው ብሬን መልሱልኝ» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ አለ። ሥራ አስኪያጁ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ከውስጥ ወጣ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል።

«ሪፈንድ ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ።»

«እስቲ ‹ሪፈንድ› በይ።»

አልኩት። ወገኖቼ፣ አልኩት እኮ! እንደ ተማሪ ቆሜ፣ ቦርሳዬን አቅፌ፣ «ሪፈንድ» አልኩ።

«አየሽ፣ ገና ነሽ። ኮርሱን ጨርሺ» አለኝና ወደ ቢሮው ተመለሰ። ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። የያዝኩትን ወረቀት አገላበጥኩት። ማኅተም የለው፣ ምን የለው። ከታች ብቻ በደቃቅ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ስም ሲሆን ፊተኛውን ክፍል ምቺ ነበር ያለችው፣ እኔም ፊተኛውን ነው የመታሁት። ትክክል ነበርኩ! ተመልሼ ልነግረው አሰብኩና እግሬ እምቢ አለኝ።

ልትመዘገቡ ካሰባችሁ በየቀኑ የሚያስተምራችሁ ማን እንደሆነ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የሳምንት ብቻ ክፈሉ። የ15 እና የ50ን ነገር ደግሞ ቢሮ ስገባ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በነጻ ገላገለኝ፦ «ፊፍቲን፣ ዋን ፋይቭ» ብለሽ ድገሚው፣ ከዚያ ወዲያው በኢሜይል ላኪው አለኝ። አለቀ።

ይህን እየጻፍኩ ቴሌግራሜ ጮኸ። እነሱ ናቸው። «ውድ ደንበኛችን፣ ቅዳሜ 4 ሰዓት ነጻ ማሳያ አለን፣ 5 ቦታ ብቻ ቀርቷል።» ፎቶው ላይ ያለችው እሷ ናት።