በጅማ የሚዞረውን «ኦርጅናል» ዋይልድ ጋንስ ካሴት ሳታስፈቱ እንዳትገዙ

ሰላም የጅማ የድሮ ጌም ወዳጆች። ለአንድ ካሴት ይህን ያህል መጻፌ ሊያስቅ ይችላል፣ ግን ብሩ ቀላል አይደለም፤ ሻጩም ዛሬ ጠዋት ድረስ ሌላ ሰው እያነጋገረ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቴሌግራም አንድ የሱፐር ኒንቴንዶ (የድሮ የጌም ማሽን) ካሴት ለሽያጭ ቀርቧል፣ ዋይልድ ጋንስ የሚባል። «የአሜሪካ ኦርጅናል፣ በከተማው አንድ ብቻ» ይላል። ዋጋው 18 ሺህ ብር። ግማሹን ቀብድ ካልላክህ ዕቃውን በዓይንህ አያሳይህም። አንድ ወዳጄ ከፍሎ ወሰደውና ሂርማታ መርካቶ አካባቢ የሚሠራ ጠጋኝ ዘንድ ወስደን አስፈታነው። ፎርጅድ ነው። ያውም ተራ ፎርጅድ።

ጌሙን ለማታውቁት፦ በልጅነታችን በዚያች ቢጫ ካሴት ኮንትራን ከወንድሙ ወይ ከጎረቤት ልጅ ጋር ያልተጫወተ ጥቂት ነው። ዋይልድ ጋንስም ሁለት ሰው አብሮ የሚተኩስበት ጌም ነው፣ አጨዋወቱ ግን ለየት ይላል። አኒና ክሊንት የሚባሉ ሁለት ተኳሾች አሉ፤ ካውቦይና ሮቦት የተደባለቀበት ዓለም ውስጥ። ተኩስ ተጭነህ ስትይዝ ሰውዬው ባለበት ይቆምና ማነጣጠሪያው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ጥይት ሲመጣብህ ትተህ መገልበጥ አለብህ፣ ጓደኛህ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ካልሸፈነህ አለቀልህ። ናትሱሜ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ነው የሠራው። በወጣበት ጊዜ ብዙ ሰው ሳያውቀው አለፈ፣ አሁን ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል፣ ኦርጅናሉ ውጭ አገር በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ፎርጅዱም የሚሠራው ለዚሁ ነው፤ ከቻይና በትንሽ ዶላር ይመጣል።

ወደ ሻጩ ልመለስ። ወሬው ራሱ ያጋልጠዋል። «አጎቴ በ1985 ከአሜሪካ ሲመጡ ያመጡልኝ ነው» ይላል። ጌሙ መጀመሪያ ጃፓን የወጣው በፈረንጆቹ ነሐሴ 1994 ነው፣ በእኛ 1986 መጨረሻ ማለት ነው። የአሜሪካው ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1995። አጎትየው ገና ያልተሠራ ጌም ነው ይዘው የመጡት። የፈረንጁንና የእኛን ዓመት አምታትቶ ይሆናል ብላችሁ ልታልፉለት ትችላላችሁ። በፈረንጅ 1985 ከሆነ ግን ባሰበት፣ ያኔ ሱፐር ኒንቴንዶው ራሱ አልተወለደም።

ሁለተኛው ውሸት ይበልጣል። «ባትሪውን አዲስ ቀይሬዋለሁ፣ ሴቭ ያደርጋል» ይላል። ዋይልድ ጋንስ ሴቭ የሚባል፣ የደረስክበትን የሚያስቀምጥ ነገር የለውም! ማሽኑን ካጠፋህ ከመጀመሪያው ነው። ሴቭ የሚጠብቅ ባትሪም የለውም። የሌላ ካሴት ማስታወቂያ ገልብጦ እንደለጠፈ እዚህ ላይ ያስታውቃል።

ደግሞ ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ተመልከቱት። ጅማ ውስጥ፣ በዚህ ዝናብና እርጥበት፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆጥ ላይ ተቀምጧል የተባለ ካሴት ትንሽ እንኳ ሳይጠቁር እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃል? የእኔዎቹ በየክረምቱ በአልኮልና በጥጥ ካልተጠረጉ አይነሱም።

ሲፈታ የታየው ይሄ ነው። ኦርጅናሉ የሚዘጋበት ብሎን ልዩ ጭንቅላት ያለው ነው፣ ተራ ካቻቢቴ አይፈታውም። ይሄኛው በተራው ካቻቢቴ ተፈታ። ኦርጅናሉ ቦርድ (ውስጡ ቺፖቹ የተበየዱበት ሰሌዳ) ላይ ኒንቴንዶ የሚል ጽሑፍና በኤስኤችቪሲ (SHVC) የሚጀምር ቁጥር ታትሞ ይገኛል፤ እዚህ ምንም የለም። ቦርዱ አጭር ነው፣ ቺፑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቋል። እንዲህ ያሉ ርካሽ ኮፒዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ለ3.3 ቮልት የተሠራ ሜሞሪ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ 5 ቮልት ይሰጠዋል። ስለዚህ ዛሬ ይነሳል፣ ሰውም የሚያምነው ለዚህ ነው። እስከ መቼ እንደሚነሳ፣ ማሽኑንም ምን እንደሚያደርገው ግን ዋስትና የለውም።

በነገራችን ላይ ኦርጅናል ቢሆን እንኳ ለብዙዎቻችሁ አይሆንም። የአሜሪካ ካሴት ቅርጹ ስለሚለይ የጃፓንም የአውሮፓም ማሽን ውስጥ አይገባም። የአሜሪካ ማሽን ካላችሁ ደግሞ አዳፕተሩ የ120 ቮልት ነው፤ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰክታችሁ 220 እንዳትለቁበት፣ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ኮፒ በራሱ አያናድደኝም። «ኮፒ ነው» ብሎ በኮፒ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ ምናልባት እኔም እገዛዋለሁ፣ እሁድ ከሰዓት ለመጫወት ምን አለው። መጫወቱን ብቻ ለምትፈልጉ ግን ናትሱሜ ራሱ በፈረንጆቹ 2016 ዋይልድ ጋንስ ሪሎድድ ብሎ ለፕሌይስቴሽን 4 አውጥቶታል፣ በኋላም ለኮምፒውተርና ለስዊች። እስከ አራት ሰው ያጫውታል፣ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ውሻ ነው።

ካሴቱን የግድ የምትሉ ከሆነ ቀብድ አትላኩ። የቦርዱን ፎቶ ጠይቁ፣ አጠገቡ የዕለቱን ቀን በእጁ የጻፈበት ወረቀት አስቀምጦ፤ አለዚያ ከኢንተርኔት ያወረደውን የኦርጅናል ፎቶ ይልክላችኋል። ለወዳጄ እንደዚያ ነው ያደረገው። «ሲፈታ ይበላሻል» ካላችሁ ውሸት ነው፣ ብሎን ነው፣ ተፈትቶ ይታሰራል። ለልዩ ብሎኑ የሚሆነው ባለ 3.8 ሚሊሜትር መፍቻ እኔ ጋ አለ፣ ፈረንጅ አራዳ በኩል የምትሆኑ ጻፉልኝና አውሳችኋለሁ። ከእሱ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ የተጻጻፋችሁትንና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አታጥፉ፣ ወዳጄ ብሩን ለማስመለስ አብሮት የሚሄድ ሰው ይፈልጋል።