1.00 ካራት ወይስ 0.90? የአልማዝ ቀለበት ለሚገዙ

ባሕር ዳር ወርቅ ቤት ገብቶ «ስንት ካራት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 18 ወይም 21 የሚል መልስ ያገኛል። ይህ የወርቁ ንጽሕና ነው፤ 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ነው ማለት ነው። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው፦ 1 ካራት 0.2 ግራም፣ በነጥብ ሲቆጠር 100። ስለዚህ «ባለ 18 ካራት የአልማዝ ቀለበት» ሲባሉ ስለ ፈርጡ ገና ምንም አልተነገረዎትም።

ሁለት ክብ ፈርጦችን ጎን ለጎን እንይ።

አንደኛው፦ 1.00 ካራት፣ ወርዱ 6.20 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 4.26።
ሁለተኛው፦ 0.90 ካራት፣ ወርዱ 6.25 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 3.78።

ከባዱ ከላይ ሲታይ ያንሳል። ትርፉ ክብደት ዓይን በማያየው በታችኛው በኩል ተቀብሯል፤ ጥልቀቱ የወርዱ 69 በመቶ ያህል ነው። ጥሩ ክብ ቅርጽ ብዙውን ጊዜ ከ59 እስከ 62.5 በመቶ ባለው ውስጥ ይውላል። ከዚያ በጣም ሲጠልቅ ብርሃኑ ወደ ላይ መመለሱን ትቶ በጎን ያመልጣል፤ መሃሉም ይጠቁራል። ቆራጮች እንዲህ የሚያደርጉት የአንዱ ካራት ዋጋ 1.00 ላይ ሲደርስ ስለሚዘል ነው። እናም የዋጋው ልዩነት ከ10 በመቶ በላይ ይሆናል፣ ያውም ለሚያንስ ፊት። ሁለተኛውን ይግዙ። 1.00 ካራት የሚያዋጣው ወርዱ 6.4 ገደማ ሲሆን ነው፤ ያኔም ቢሆን ጣት ላይ ልዩነቱን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ከሱቁ አምፖል አውጥተው ደጅ፣ የዘንባባው ጥላ ሥር ቢያዩት ጨለማው ቶሎ ይታያል።

0.50 ካራት ከ1.00 ጋር ሲተያይስ? ክብደቱ ግማሽ ነው፣ ወርዱ ግን 5.1 ለ6.4 ነው። ገንዘብ ካጠረ እዚህ ላይ መቆጠብ ብዙም አያስከፋም።

«ጠቅላላ 1.00 ካራት» የሚል ጽሑፍ ካዩ ደግሞ የመሃሉ ብቻ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። 0.50 የመሃል ፈርጥና አሥር ባለ 0.05 ጥቃቅን ሲደመሩም 1.00 ይሆናሉ፤ ዋጋቸው ግን ከአንድ ወጥ ፈርጥ በእጅጉ ያንሳል።

የወርቅ ሚዛን እዚህ ብዙ አይረዳም። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን በአንድ እርምጃ 5 ነጥብ ስለሚዘል 0.98 ካራቱንም 1.02ቱንም እኩል 0.20 ብሎ ያሳያል። የሚጠቅመው ኪዩቢክ ዚርኮኒያን (አልማዝ መሳዩን ሰው ሠራሽ ድንጋይ) ለመለየት ነው፦ በ1 ካራት አልማዝ መጠን ያለ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ 0.32 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። (ኦፓል የተባለው የደላንታ የከበረ ድንጋይም በካራት ይሸጣል፤ እሱ ውሃ ስለሚጠጣ ሳይደርቅ አያስመዝኑት።)

ፈርጡ ቀለበቱ ላይ ከተተከለ በካሊፐር (ወርድና ጥልቀት መለኪያ መሣሪያ) በሚሊ ሜትር ይለኩ፦ ወርድ በወርድ፣ በጥልቀት፣ ከዚያ በ0.0061 ይባዛ፤ የክቡ ፈርጥ ካራት በግምት ይወጣል። ውጤቱ ከሰርተፊኬቱ (የፈርጡን ክብደት ከሚመሰክረው ወረቀት) ጥቂት በመቶ ቢለይ አያስደነግጥም፤ በጣም ከራቀ ግን ወረቀቱ የሌላ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ያኔ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር የፈርጡን ወገብ (ሰፊውን ጠርዝ) ዙሪያ ይፈትሹ፤ ቁጥር ተቀርጾበት ከሆነ ከወረቀቱ ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት።