ከአር ኤን ወደ ቢ ኤስ ኤን በዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ፦ የስድስት ወሩ ክፍያ ለማን ያዋጣል?

አሜሪካ ውስጥ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ ተምሮ፣ ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና አልፎ በሥራ ላይ ያለ ነርስ ቢ ኤስ ኤን፣ ማለትም የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ፣ ሲጨርስ ፈቃዱ አይቀየርም። ያው አር ኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) ነው፤ ሁለተኛ የቦርድ ፈተናም የለም። የሚሰፋው የሚያመለክትበት የሥራ ዓይነት ነው። ማግኔት የተባለውን ዕውቅና የያዘ ሆስፒታል የነርስ ማናጀሮቹ ቢያንስ በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖራቸው ግድ ነው። ኒው ዮርክም እ.ኤ.አ. በ2017 በጸደቀ ሕግ አዲስ ወደ ሙያው የሚገቡ ነርሶች ፈቃድ ካወጡ በ10 ዓመት ውስጥ ቢ ኤስ ኤን እንዲይዙ ታስገድዳለች፤ ቀድሞ ፈቃድ የነበራቸውን አትነካም።

እዚህ የምንመዝነው ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ደብልዩ ጂ ዩ፣ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ፕሮግራም ነው። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በምዕራብ ግዛቶች ገዥዎች የተመሠረተ፣ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ነው። የነርሲንግ ዲግሪው የነርሲንግ ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ከሆነው ከሲ ሲ ኤን ኢ ዕውቅና አለው። ይህም ሆነ የሌላኛው ዕውቅና ሰጪ የኤ ሲ ኢ ኤን ዕውቅና የሌለውን ቢ ኤስ ኤን፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ፣ አይመዝገቡበት። ነገ ማስተርስ ሲያመለክቱ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።

ክፍያው በኮርስ አይቆጠርም። ለስድስት ወር አንድ የተቆረጠ ዋጋ ይከፈላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቻሉትን ያህል ኮርስ መጨረስ ይቻላል። በየተርሙ፣ ማለትም በየስድስት ወሩ፣ ቢያንስ 12 ዩኒት (ክሬዲት) መያዝ ግድ ነው፤ የመነሻ ቀን በየወሩ መጀመሪያ አለ። እንግዲህ 30 ዩኒት ቀርቶዎታል እንበል። 12፣ 12፣ በመጨረሻም የቀረውን 6 እያሉ ቢሄዱ ሦስት ተርም ይከፍላሉ። 18 እና 12 አድርገው ቢጨርሱት ግን ሁለት ተርም ብቻ ነው፤ የወጪዎ ሲሶ ኪስዎ ቀረ ማለት ነው። 18 ዩኒት በ26 ሳምንት ሲካፈል ባለ 3 ዩኒቱን ኮርስ በአራት ሳምንት ከጥቂት ቀን መዝጋትን ይጠይቃል። በሳምንት ሦስት የ12 ሰዓት ሺፍት ለሚሠራ ሰው ይህ ይቻላል። በአንድ ሆስፒታል ሙሉ ሰዓት፣ በኤጀንሲ ደግሞ ተጨማሪ ሁለት ሺፍት ለሚሠራ ግን አይቻልም፤ እንዲህ ያለው ሰው ከመመዝገቡ በፊት ለስድስት ወር የኤጀንሲውን ሥራ ቢተው ያተርፋል።

ትልቁ ገንዘብ የሚባክነው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ነው። ትራንስክሪፕት ተገምግሞ የሚያዝልዎት ትምህርቱን ሳይጀምሩ ነው፤ ከጀመሩ በኋላ ሌላ ቦታ የወሰዱትን ኮርስ አምጥተው ማስገባት አይቻልም ብለው ይነሱ። ብዙ ሰው "ስታትስቲክሱን እግረ መንገዴን ሌላ ቦታ እወስደዋለሁ" ይልና እዚያው ተርሙ ውስጥ ይጣበቃል። ስለዚህ የተማሩበትን ኮሌጅ ሁሉ፣ አንድ ኮርስ ብቻ የወሰዱበትንም ጭምር፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስልኩ። ግምገማው ሲመጣ ያልተያዙትን የጠቅላላ ትምህርት ኮርሶች ለይተው፣ የመነሻ ቀንዎን አንድ ሁለት ወር ገፋ አድርገው ቀድመው ይጨርሷቸው። ለዚህ አንዱ መንገድ ክሌፕ የተባለው የኮሌጅ ቦርድ ፈተና ነው፤ አብዛኛው የ90 ደቂቃ ነው፣ ከ80 የሚታረም ሲሆን በተለምዶ 50 ያስመዘገበ ክሬዲቱን ያገኛል። ሞደርን ስቴትስ የተባለው ድርጅት ኮርሱን በነፃ አስተምሮ የፈተናውን ክፍያም ይሸፍናል። የወደቀ ሦስት ወር መጠበቅ ስላለበት ቀኑን አስልቶ መቀመጥ ነው። የትኛው ፈተና በየትኛው ኮርስ ምትክ እንደሚያዝ ግን ከመፈተንዎ በፊት ከኢንሮልመንት አማካሪው በጽሑፍ ያስወጡ፤ በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዘው ለመጡ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የአገር ቤቱ ትራንስክሪፕት በኮርስ በኮርስ የተተነተነ ግምገማ ያስፈልገዋል። ጠቅላላ ግምገማው፣ ማለትም "ይህ ሰው ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ዲግሪ አለው" ብቻ የሚለው ወረቀት፣ ዋጋው ቢቀንስም አንድም ክሬዲት አያስይዝም። ዩኒቨርሲቲው ሰነዱን በቀጥታ እስኪልክ ወራት ሊሄድ ስለሚችል መጀመሪያ የሚነካው እሱ ይሁን። ሁለተኛ፣ ፋፍሳ የተባለውን የፌደራል የትምህርት እርዳታ ቅጽ ሲሞሉ "ባችለር ዲግሪ አለዎት?" ለሚለው ጥያቄ በውጭ አገር የተገኘውም ዲግሪ ይቆጠራል፤ ከአሜሪካው ጋር እኩል ነው ከተባለ ፔል ግራንት የተባለው የማይመለስ እርዳታ አይሰጥም። በብድር በኩል ግን በሩ ክፍት ነው። ጥያቄውን "የለኝም" ብሎ መሙላት ገንዘቡን በኋላ ያስመልሳል፤ በፌደራል ቅጽ ላይ ውሸት መጻፍ ደግሞ ከገንዘቡም የከፋ ጣጣ አለው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። አብዛኛው ኮርስ የሚዘጋው በጽሑፍ ሥራ ነው፤ ጥቂቱ በካሜራ በሚጠበቅ ፈተና። ጽሑፉን የሚያርመው የኮርሱ አስተማሪ ሳይሆን ሌላ ገምጋሚ ነው፤ ሰውየው እርስዎን አያውቅም፣ የያዘው ሩብሪኩን፣ ማለትም የማረሚያ መስፈርቱን፣ ብቻ ነው። እያንዳንዱ የሩብሪክ መስመር ሦስት ደረጃ አለው፦ አልታየም፣ ተቃርቧል፣ ብቁ ነው። ሁሉም መስመር "ብቁ ነው" ካላለ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ጥሩ ጸሐፊዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። መስመሩ "የታካሚ ደህንነትን የሚነኩ ሁለት ምክንያቶችን አብራራ" ካለ፣ አንዱን በሦስት ገጽ ግሩም አድርጎ ያብራራና ሌላውን በአንድ ዓረፍተ ነገር የጠቀሰ ሰው ይመለስበታል። "ለይ" የሚለው ግስ ስሙን መጥራት ይበቃዋል፤ "አብራራ" ምክንያትና ውጤት ይፈልጋል፤ "አወዳድር" ሁለቱንም ጎን ለጎን ማቆም ይጠይቃል። የሩብሪኩን ፊደልና ቁጥር (ኤ 1፣ ኤ 1 ኤ፣ ቢ) እንዳለ ንዑስ ርዕስ አድርገው ከሥሩ ይመልሱ። ለዓይን ደረቅ ይመስላል፤ ገምጋሚው ግን መልሱን ፍለጋ አይባዝንም። እርማቱ በአብዛኛው በሦስት ቀን ውስጥ ስለሚመለስ፣ አንዱን እንዳስገቡ ቀጣዩን ይጀምሩ እንጂ ቁጭ ብለው አይጠብቁ።

የቃል በቃል ቅጂ ገደብም አለ፦ ከሌላ ጽሑፍ ጋር የሚመሳሰለው ከጠቅላላው 30 በመቶ፣ ከአንድ ምንጭ ብቻ ደግሞ 10 በመቶ ማለፍ የለበትም። የተግባር ጥያቄውን ራሱን ወረቀቱ ላይ መገልበጥ ይህን ቁጥር ከፍ ያደርገዋልና ጥያቄውን አይለጥፉ።

በሪሰርች ኮርሱ ብዙዎችን የሚያንቀው የፒኮ ጥያቄ ነው፤ ታካሚውን፣ የሚደረግለትን፣ ያ ከምን ጋር እንደሚነጻጸርና የሚጠበቀውን ውጤት የያዘ ባለ አራት ክፍል የምርምር ጥያቄ ማለት ነው። ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥያቄው ይሰፋል። "ነርሶች ኢንፌክሽንን እንዴት ይቀንሳሉ?" ተብሎ ዳታቤዝ አይፈተሽም። እንዲህ ሲጠብ ግን ይሠራል፦ በአይ ሲ ዩ የሽንት ካቴተር የገባላቸው አዋቂዎች፣ ነርሷ በየቀኑ የካቴተሩን አስፈላጊነት አይታ በፕሮቶኮል እንድታወጣው ሲፈቀድ፣ የሐኪም ትዕዛዝ እስኪመጣ ከመጠበቅ ጋር ሲነጻጸር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽናቸው ይቀንሳል ወይ? አራቱም ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱም በፍለጋ ሳጥን የሚገባ ቃል ሆኗል። በዎርድዎ በየቀኑ የሚያዩትን ችግር ከመረጡ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ካሊፎርኒያ ላሉ አንድ ነገር እናክል። የፐብሊክ ሄልዝ ነርስ ሰርተፊኬት የሚፈልግ ሰው በኮሚዩኒቲ ሄልዝ ኮርሱ የ90 ሰዓት የተግባር ልምምድ እንዲመዘገብለት ያስፈልጋል። ይህ ከፕሮግራሙ ከወጡ በኋላ የሚጠገን ጉድለት ስላልሆነ ከመመዝገብ በፊት ይጠየቅ።

አሠሪዎ የትምህርት ክፍያ የሚመልስ ከሆነ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ታክስ አይቆረጥበትም። ዓመቱ የሚቆጠረው በጃኑዋሪና በዲሴምበር መካከል ነው። ስለዚህ አንዱን ተርም በጁላይ፣ ቀጣዩን በጃኑዋሪ የጀመረ ሰው የሁለት ዓመት ድርሻ ያገኛል፤ በጃኑዋሪና በጁላይ የጀመረው ግን ሁለቱንም ከአንድ ዓመት ድርሻ ይከፍላል። ኤች አር ቤት "ውጤትህ ስንት ነው?" ሲሉም ችግር ይመጣል፤ ደብልዩ ጂ ዩ ያለፈና ያላለፈ ብሎ ነው የሚመዘግበው። ማለፉ ከ3.0 ጋር እኩል እንደሚቆጠር የሚገልጽ ማስረጃ ከትምህርት ቤቱ ይወሰዳል፤ ገና ሲጀመር አያይዞ መስጠት ይሻላል። ገንዘቡን ከወሰዱ በኋላ ስንት ጊዜ በዚያው ሆስፒታል መቆየት እንዳለብዎትም ውሉን ያንብቡ።

ይህ የውጤት አመዘጋገብ የፕሮግራሙ ዋና ድክመት ነው ብለን እናምናለን። በተለይ ሲ አር ኤን ኤ (የማደንዘዣ ነርስ) መሆን ለሚያስብ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ወደዚያ ትምህርት የሚገባ ሁሉ በዶክትሬት ደረጃ ስለሚማር ፉክክሩ ከባድ ነው፤ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሳለ በኬሚስትሪ ሲ ያገኘ ተማሪ እዚህ በያዘው "አለፈ" ጂ ፒ ኤውን (አማካይ ውጤቱን) ማንሳት አይችልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኤ እና ቢ የሚሰጥ፣ በስምንት ሳምንት ኮርስ የሚሄድ የስቴት ዩኒቨርሲቲ እንመርጣለን፤ በፍሎሪዳና በዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ ራሳቸው ቢ ኤስ ኤን ይሰጣሉ። ቀነ ገደብ ካልተቆረጠለት የማይሠራ ሰውም እንዲሁ። በስቴት ዩኒቨርሲቲው በየሳምንቱ ረቡዕ ዲስከሽን፣ እሑድ ሁለት መልስ እየተባለ መገፋቱ ያሰለቻል፤ ግን ያስጨርሳል። ደብልዩ ጂ ዩ ግን የሚገፋዎት በየተወሰነ ጊዜ የሚደውል ሜንተር ብቻ ነው።

በካሜራ የሚጠበቀውን ፈተና ከሌሊት ሺፍት በወጡበት ጠዋት አይያዙ። ክፍሉን በካሜራ ያዞሩታል፣ ሁለተኛ ሞኒተር ይነቀላል፣ ሌላ ሰው ከገባ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል። ከወደቁ በኋላ በድጋሚ ለመቀመጥ ከአስተማሪው ጋር የጥናት ዕቅድ መሥራት ስለሚያስፈልግ ቢያንስ ጥቂት ቀን ይሄዳል፤ ተርሙ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመጀመሪያ ሙከራ ማድረግ ሙሉ ክፍያ ሊያስደግም ይችላል።

ሲጨርሱ የደሞዝ ጭማሪውን ወይም የክሊኒካል ላደሩን (የነርሶች የደረጃ ዕድገት) ማመልከቻ ዲፕሎማው በፖስታ እስኪመጣ አያቆዩት። ለኤች አር የሚበቃው ዲግሪው የተሰጠበትን ቀን የያዘው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው፤ በአንዳንድ ሆስፒታል ጭማሪው የሚታሰበው ማስረጃው ከገባበት ቀን ጀምሮ እንጂ ወደኋላ ተመልሶ አይደለም።