ባለ 15 ዋቱ አምፕሊፋየር ኪት ከወራት በኋላ፦ ዋቱ አላነሰኝም፣ ጉርምርምታው እንጂ

አምፕሊፋየር ክፍሎቹን በኪት ገዝቼ ራሴ በየድኩ። «ለምን ያለቀለትን አልገዛህም?» ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ጊዜያችሁን አታባክኑ። አልሸጠውም፣ ለማንም አልሰጠውም። ግን አንድ ጥፋት አለበት፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ከእኔ ቀጥሎ የሚገዛው ሰው ይረግመኛል።

ኪቱ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች የሚገኘው ባለ ሁለት ቻናል ነው፤ ድምፁን የሚያጎሉ ሁለት ቲዲኤ 2030ኤ አይሲ (ቺፕ) አለው። አይሲው የቆየ ሥራ ነው፤ የጣሊያኑ ኤስጂኤስ የዛሬው ኤስቲ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ ከመሆኑ በፊት ያወጣው፣ አምስት እግር ያለው። ሬዚስተሩ፣ ካፓሲተሩ፣ ዳዮዱ፣ ቮልዩሙ፣ ሂትሲንኩ ሁሉ በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል። ትራንስፎርመሩ ለብቻው ነው የሚገዛው፤ መዳብ ነውና ዋጋው ከኪቱ ይበልጣል። መበየዱ ቅዳሜ ከሰዓት ተጀምሮ ሳይመሽ ያልቃል። ይሠራል። ስለዚህኛው ክፍል ሌላ የምለው የለኝም።

ጥፋቱን ለወራት ማንም አልሰማውም። ዘፈን ከፍ ተደርጎ ሲከፈት ምን ይሰማል? ሁዳዴ ገባና እማዬ ማታ ማታ በገና ማድመጥ ጀመረች፣ ያውም ዝቅ አድርጋ። «አንተ፣ ይሄ ፍሪጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያጉረመርመው?» ብላ ተነስታ ፍሪጁን ከሶኬት ነቀለችው። ጉርምርምታው ቀጠለ። በገና ራሱ የሚነዝር መሣሪያ ነው፤ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው እንዚራ የምትባለው ቁራጭ ቆዳ ናት ያንን ድምፅ የምትሰጠው። ስለዚህ አውታሩ ሲመታ ሁለቱ ይደባለቃሉ፣ አይለዩም። መዝሙሩ አልቆ በገናው ዝም ሲል ግን ስፒከሩ ዝም አላለም።

ሻጩ ጋ ሄድኩ። «ወንድሜ፣ ኪት ነው እኮ! ኪት ሁሉ ትንሽ ይጮሃል» አለኝ። ኪት ሁሉ አይጮህም። አጠገቡ የነበረው ደግሞ ባሰ፦ «የኧርዙን ሽቦ ቁረጠው፣ ይጠፋልሃል።» እዚያ ያልመለስኩትን እዚህ ልመልስ። ኧርዝ ማለት ሳጥኑን ከመሬት የሚያገናኘው የደህንነት ሽቦ ነው። ሳጥኑ ብረት ነው፣ ውስጡ 220 ቮልት ገብቷል። አንዲት ሽቦ ተላቃ ሳጥኑን ብትነካ ኧርዙ ካለ ፊውዝ ይበጠሳል። ከሌለ እማዬ ቮልዩም ልትቀንስ እጇን ትሰዳለች። ከዚህ በኋላ ጸጥታው ለማን ሊሆን ነው?

ምልክቱ ያለው ቮልዩሙ ላይ ነበር። ዜሮ ላይ ጉርምርምታው የለም ማለት ይቻላል፤ መሃል ላይ ይበረታል፤ እስከ ጫፍ ሲዞር መልሶ ይቀንሳል። ጥፋቱ የፓወር ሰፕላይ ቢሆን ቮልዩሙ የትም ቢቆም እኩል ይሰማ ነበር። ዘፈኑን ከምንከፍትበት ስልክ ቢመጣ ደግሞ ቮልዩሙ በጨመረ ቁጥር አብሮ ይጨምር ነበር። የቮልዩም መውጫ ዜሮ ላይ ከግራውንድ (ከቦርዱ የጋራ ዜሮ መስመር) ጋር፣ ጫፍ ላይ ከስልኩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። መሃል ላይ ግን ከሁለቱም በብዙ ኪሎ ኦም ተለይቶ ስለሚንጠለጠል ቤት ውስጥ የሚዞረውን የመብራት 50 ኸርዝ ሁሉ ይለቅማል።

የብረት ዘንጉን በጣቴ ስነካው ድምፁ ተለወጠ። ቴስተሩን፣ ሁለት ነገር ሲገናኝ ጢጥ የሚለው ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ የቮልዩሙ የብረት ልባስ ላይ፣ ሌላውን ግራውንድ ላይ አስነካሁ። ጢጥ የለም። ልባሱ ከግራውንድ ጋር አልተገናኘም፣ ስለዚህ ጉርምርምታውን አይከላከልም ማለት ነው። ቦርዱን ገልብጬ ሳየው ልባሱን የያዙት ሁለት ወፍራም እግሮች ዙሪያቸውን የመዳብ ክብ አላቸው፤ ከክቡ የሚወጣ መስመር ግን የለም። ግራውንዱ ከዚያ ቢርቅ 3 ሚሊሜትር ነው። ሦስት ሚሊሜትር! ያን ያህል መዳብ ለመቆጠብ ነው ወይስ ረስተውት ነው እንጃ።

የልባሱን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጭር ሽቦ ወደ ግራውንድ በየድኩበት። ከመግቢያው እስከ ቦርዱ የነበረውን ተራ ሽቦ በሺልድ (ዙሪያውን በሽቦ መረብ በተሸፈነ) ገመድ ለወጥኩት። ትራንስፎርመሩንም ከመግቢያው አራቅኩት፤ ያዝ አድርጎ ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ሲያዳምጡ ድምፁ ዝቅ የሚልበት አቅጣጫ አለ፣ እዚያ ላይ በብሎን አሰርኩት። አሁን ጆሮ ስፒከሩ ላይ ካልተለጠፈ አይሰማም። ላፕቶፑ ቻርጅ እያደረገ ሲሰካ ብቻ ሌላ ዓይነት ነዘራ ይመጣል፤ በባትሪ ሲሆን ይጠፋል። እሱ በሁለት ኧርዝ መካከል የሚዞር ነገር ነው፣ የኪቱ ጥፋት አይደለም።

«15 ዋት ለሻይ ቤት እንኳ አይበቃም» ለሚለኝም መልስ አለኝ። እስቲ ካርቶኑ ላይ 3000 ዋት ፒኤምፒኦ (የማስታወቂያ ዋት ማለት ነው) የተባለውን ዕቃህን ገልብጠህ ከመብራት ስንት እንደሚወስድ አንብብልኝ። 60 ዋት ገብቶ 3000 የሚወጣው በምን ተአምር ነው? የእኔ ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይላል። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። 15 ዋቱ ወደ 99 ያደርሰኛል፣ ጎረቤት ግድግዳ ለማስደብደብ ከበቂ በላይ። ደግሞ «ባለ 18 ቮልት ትራንስፎርመር ውሰድ፣ ጉልበት ይጨምርልሃል» ቢሏችሁ እንዳትሰሙ። 18 ቮልት ኤሲ ከዳዮድና ከካፓሲተር በኋላ ወደ 24 ዲሲ ይጠጋል፤ አይሲው የሚችለው ከፍተኛው ፕላስ ማይነስ 22 ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚዘለውን ቮልቴጅ ጨምሩበትና አስቡት። ባለ 12-0-12 ቮልቱ ትራንስፎርመር ወደ ፕላስ ማይነስ 16 ይሰጣል፣ ይበቃል።

እኔን የሚያናድደኝ «ለጀማሪ» ብሎ መሸጡ ነው። ጀማሪ ያቺን የጠፋች መስመር በምን ዓይኑ ያያታል? ቴስተር የሌለው ሰው አይግዛው፤ ዕድሜ ልኩን ፍሪጅ ሲነቅል ይኖራል። ቴስተር ያለው ግን ይግዛ፣ እኔም ሰሞኑን ለእህቴ ሁለተኛ ገዝቻለሁ። ላስቲኩን ከፍቼ መጀመሪያ የገለበጥኩት ቦርዱን ነው። ያው ነው፣ ክቡ አሁንም ብቻውን ቆሟል። ሽቦዋን ቀድሜ በየድኩ።